ስድስት የሌለበት ቁጥር

የምነግራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥር ስል ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ እኔም ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼን ሳስጠና ነው። እነሱ ጮክ ብለው ሲያነቡ እኔ ከኋላቸው ሆኜ በከንፈሬ እከተል ነበር። መደመርና መቀነስን ስፌት አስተማረኝ፤ የቀረውን ካልኩሌተር።

ላሊበላ ውስጥ የእጅ ሥራ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ካልኩሌተር አለው። እንግዳው የእኛን ቋንቋ አይችልም፣ እኛ የእሱን አንችልም፤ ስለዚህ በቁጥር እናወራለን። እኔ ነክቼ አሳየዋለሁ፣ እሱ ራሱን ነቅንቆ ያጠፋና የራሱን ይጽፋል፣ እኔ ደረቴን ይዤ «ኧረ በሞትኩት!» እላለሁ፣ እሱም ሳይገባው ይስቃል። ከስንቱ አገር ሰው ጋር በዚያች ትንሽ ማሽን ተጫውቻለሁ መሰላችሁ።

ከዚያ እንግዳ የጠፋበት ዘመን መጣ። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚወስደው መንገድ ጭር አለ። እኔ ከሙዳዮቼ ጋር፣ ጎረቤቴ ደግሞ ከሻርፖቿ ጋር ተፋጠን መዋል ሆነ። ይህቺ ጎረቤቴ ከታች ከመኪና መንገድ ዳር የመጣች የወሎ እስላም ናት፤ ቀልድ ሳትናገር ምሳ አይወርድላትም። አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀምጠን ተቀምጠን አንድ ፈረንጅ ብቻ አለፈ። እሱም ሙዳዬን አንስቶ አሽትቶ መልሶ አስቀመጠ።

«አብሽሪ፣» አለችኝ ጎረቤቴ። «ባዶ ሳምንት አይደለም። አንድ ሰው መጥቷል። እስቲ ለሰባቱ ቀን አካፍይው፣ በቀን ስንት ሰው ደረሰን?»

ሥራ የፈታ ሰው የማይሠራው ነገር የለም። አንድን ለሰባት ብዬ ነካሁት። ዜሮ ነጥብ ብሎ 1428571 አለ።

«ውይ፣ ትንሽ ጣቱ እንኳ አትሞላም!» ብላ ተንከተከተች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት መጡ። ሁለትን ለሰባት አልኩት፤ 2857142 መጣ። እሷ መሳቅ ጀምራለች፣ እኔ ግን መሣሪያውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። እነዚህን ልጆች አውቃቸዋለሁ! የባለፈው ሳምንቶቹ ናቸው። አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሰባት፤ ቦታ ተቀያየሩ እንጂ አንድም አልጠፋም፣ አንድም እንግዳ አልገባም። ሦስተኛውን ሳምንት አልጠበቅኩም። ሦስትም አራትም አምስትም ስድስትም ፈረንጅ እንደመጣ አድርጌ አካፈልኩ። ያው ስድስቱ ናቸው። ሰርግ ቤት ክብ ሠርተው እንደሚጨፍሩ ልጆች ተያይዘው ይዞራሉ፤ ከፊት የነበረው ኋላ ይገባል እንጂ ሰልፍ የሚያፈርስ የለም።

ነጥቧን ጥዬ 142857 ብዬ ጻፍኩት። በሁለት ሳባዛው 285714፣ በሦስት 428571፣ በአራት 571428፣ በአምስት 714285፣ በስድስት 857142። በሰባት ስል ምን ይመጣ ይመስላችኋል? 999999። ዘጠኝ ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር።

«አላህ!» አለች ጎረቤቴ። መሳቋን ትታ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰው አላስቆም አላስቀምጥ አልኩ። ያገኘሁትን ሁሉ «እስቲ እየው» እላለሁ። በስምንት ሲባዛ አንዷ ከኋላ ታመልጥና ፊት ትቆማለች፣ 1142856 ይላል፤ የሸሸችውን አንድ ይዛችሁ ለስድስቷ ብትመልሱላት ቁጥሩ ይድናል። መሐል ላይ ብትቆርጡት 142 እና 857 ይሆናል፤ ሲደመሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ። በራሱ ላባዛው ስል ማሽኗ አልችልም ብላ ጥርሷን ነከሰች፤ በካርቶን ላይ በእጄ ሠራሁት። 20408122449 መጣ። ለሁለት ከፍዬ 20408ን ከ122449 ጋር ስደምራቸው ማንን አገኛለሁ? ራሱን! 142857!

መንገዴ ላይ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቄስ አሉ። ፀሐይ ስትጠነክር በእኔ ጥላ ሥር አረፍ ይላሉ። እሳቸውንም አልተውኳቸውም።

«አባ፣ ይቺን ቁጥር ይዩልኝ፤ ትዞራለች።»

«የት ነው የምትሄደው?» አሉና በዘንጋቸው ጫፍ አቧራው ላይ በግእዝ ጻፏት፦ ፲፬፼፳፰፻፶፯። ትንሽ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኛ አጻጻፍ አትዞርም። ተቀምጣለች።»

ቅር አለኝ። እሳቸው ግን ዘንጉን አላነሱም።

«ቆይ ቆይ። አሥራ አራት እልፍ፣ ሃያ ስምንት መቶ፣ ሃምሳ ሰባት። የአሥራ አራት እጥፍ ሃያ ስምንት። የሃያ ስምንት እጥፍ ሃምሳ ስድስት ነበር። እሷ ሃምሳ ሰባት አለች። አንድ ተርፏታል፣ ልጄ።»

«ከየት መጣች አባ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ቁጥሯን ያመጣሽው አንቺ!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ያቺ ትርፍ አንድ ስንት ቀን አሳሰበችኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የሃምሳ ስድስት እጥፍ መቶ አሥራ ሁለት ነው፣ ለሁለት ቁጥር በተሠራ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ ሞልቶ መቶዋ አንድ ሆና ወደ ጎረቤት ፈሰሰች። ጎተራ ሲሞላ እንደሚፈሰው ነው። አባን ጠብቄ ስነግራቸው «እንግዲህ ትርፏም ከጥጋብ ነው» አሉኝ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ፤ ነገሩ ያለው እሷ ጋ ነው።

ልጄ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የምትሠራው። ስልክ ታነሳለች፣ ክፍል ትሰጣለች፣ በሦስት ቋንቋ «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች። ወስፌ ስትይዝ ግን እስክሪብቶ የያዘች ነው የምትመስለው። የእኔ ልጅ፣ በስፌት ያደገች፣ አንዲት ስፌት በቅጡ አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ተማሪ አልኳት እንጂ ስፊ አላልኳትም፣ አይቆጨኝም።

የወደደችው ልጅ ሚኒባስ ሾፌር ነው። ከላሊበላ ጋሸና ይመላለሳል። ጋሸና በደረሰ ቁጥር ይደውልላታል፣ «ደርሻለሁ» ለማለት ብቻ። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ሁሉም አማረ። በመጨረሻ ላይ ነው አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፦

«የልጁ እናት አንድ ነገር ብለዋል» ያለው።

የልጁ እናት የሚኖሩት ኮን ነው፤ ከጋሸና ወዲያ ሜዳው ላይ። በስፌት የታወቁ ሴት ናቸው፤ የሳቸውን እጅ እኔም በገበያ ከሩቅ እለየዋለሁ። በእሳቸው ቤት ከአያት የወረደ ልማድ አለ። ሙሽራ ከመግባቷ በፊት በገዛ እጇ ሙዳይ ሰፍታ ለአማቷ ትወስዳለች። ከንፈሩን፣ የአፉን የመጨረሻ ዙር፣ ግን አትጨርሰውም፤ ክፍት ትተወዋለች። አማቲቱ ከወደዱት ወስፌ አንስተው ከንፈሩን ራሳቸው ይሰፋሉ። ካልወደዱት፣ ወይም የሌላ ሰው እጅ ነው ካሉ፣ እንዳለ ይመልሱታል። ሰርጉ አይቀርም። ሙሽራዪቱ ግን በዚያ ቤት የሰው ሥራ ይዛ የገባች ትባላለች። የታላቅ ወንድሙ ሚስት ሙዳይ ተመልሶባት ነበር አሉ፤ ሁለት ልጅ ወልዳም ዛሬ ድረስ ጓዳው ውስጥ ወጥ እንድትቀምስ እንጂ እንድትሠራ አትጠየቅም።

ልጄ ይህን ሰምታ ማታ ምንም አልበላችም። በነጋታው አክርማና አለላ አምጪልኝ አለችኝ።

አለላ ቀለም የጠጣው ሣር ነው፤ አክርማውን፣ ያልተቀለመውን ሣር፣ በውስጥ ይዞ በላዩ የሚጠመጠመው። ቀዩንና ጥቁሩን ሰጠኋት። ታችኛውን ክብ እንደምንም አቀናች። ግድግዳው ላይ ጥለት ስትጀምር ግን ጉድ ፈላ። የእኛ ሰው ጥለት በዓይን ነው የሚሄደው፤ ዓይን ካልለመደ ይጠፋል። ሦስት ዙር ትሄድና የት እንዳለች ታጣለች። ትፈታለች። እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቀን ሙዳዩን ወረወረችውና ከአልጋ ሥር ገባ።

«አምጪው እኔ ልስፋው» አልኳት።

«እማ፣ አንቺ ከሰፋሽው አማትየዋ የምትቀበለው አንቺን ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን እዚያ ቤት ምን ብዬ ልኑር?»

ጎንበስ አልኩ። ከአልጋው ሥር ሙዳዩን ሳወጣ ግን ሳቄ መጣ።

«ስሚ፣ የክፍል ቁጥር ሁሉ በቃልሽ አይደል?»

«ነው።»

«የእኔንስ ቁጥር?»

ዓይኗን ወደ ላይ ሰቀለች። «ማን ያላወቀው አለ? የሆቴሉ ዘበኛ እንኳ ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ጥለቱን ተዪው። እሱን ስፊው። አንድ ቀይ፣ አራት ጥቁር፣ ሁለት ቀይ፣ ስምንት ጥቁር፣ አምስት ቀይ፣ ሰባት ጥቁር። ሁለቴ ስትዪው አንድ ዙር ይሞላል። በሚቀጥለው ዙር በሁለት ያባዛሁትን፣ ከዚያ በሦስት ያባዛሁትን። እስከ ስድስት።»

ሙዳይዋ ትንሽ ናት፣ በመዳፍ የምትያዝ፤ ዙሯ ሃምሳ አራት ስፌት ነው። የስድስቱ ቁጥሮች ድምር ሃያ ሰባት፣ ሁለቴ ሃምሳ አራት። እኔ አላቀድኩትም፤ ገጠመ። የቁጥሩ ደግነት ደግሞ ይሄ ነው፤ ከስድስቱ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የሉም። ስለዚህ ስልክ አንስታ ስትመለስ የት እንዳቆመች ቢጠፋት፣ የመጨረሻዋን ቀለም ትቆጥራለች። ስምንት ከሆነች ቀጥሎ አምስት ነው፣ አምስት ከሆነች ሰባት። ከየትም ብትጀምር መንገዱ አንድ ነው። ልጄ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈታ ዋለች። በከንፈሯ እየቆጠረች፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ እንግዳ መቀበያው ጀርባ ሁሉ ስትሰፋ ሰነበተች። ግድግዳው ላይ ቀዩና ጥቁሩ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ቆንጆ ነው አልላችሁም። የትም አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር።

ወደ ኮን በምንሄድበት ዋዜማ ጠዋት ሙዳዩን አንስቼ ዓይኔን ሳዞር፣ ከላይ አራተኛው ዙር ላይ ጣቴ ቆመ። ስድስት ቀይ። አጠገቡ ስድስት ጥቁር። አምስትና ሰባት መሆን ነበረባቸው። በዚህ ቁጥር ውስጥ እኮ ስድስት የሚባል የለም! ሦስትም፣ ስድስትም፣ ዘጠኝም የሉትም፤ እስከ ስድስት ድረስ በስንት ብታባዙት አይመጡም። ለማያውቅ ሰው አይታይም፤ ለሰፊ ግን ጥርስ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው። ኮን ያሉት ሴት ደግሞ ሰፊ ናቸው።

እጄ ሳላዘው ወስፌ አነሳ። ሦስት ዙር ፈትቶ መመለስ ለእኔ ምን አላት? እሷ ሥራ ሳለች አልቆ ይቆያል። ጫፉን ሳስገባ በሩ ተከፈተ፤ የረሳችውን ቁልፍ ልትወስድ ተመልሳ።

«እማ። ወስፌውን አስቀምጪ።»

«ስድስት አለበት እኮ!»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ሦስት ዙር ካለፍኩ በኋላ ነው ያየሁት። ከፈታሽው የአንቺ እጅ ይገባበታል። ይቅር።»

አስቀመጥኩት። እጄ ግን እስከ ማታ ይበላኝ ነበር።

በነጋታው ሙሽራው ራሱ ነድቶ ወሰደን። ከላሊበላ ወደ ላይ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ ድንገት ዳገቱ ያልቅና ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ ይመጣል፣ ከብርዱ ጋር። ልጄ ሙዳዩን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። ኮን ስንደርስ ልጁ እግሩን ደጃፉ ላይ ሊያነሳ ሲል ከውስጥ ድምፅ መጣ፦

«አንተ እዚያው! መኪናህን እጠብ። ይሄ የሴት ጉዳይ ነው።»

ቤት ውስጥ የልጁ እናት፣ የልጁ አክስትና የታላቅ ወንድሙ ሚስት፣ ያቺ ሙዳይ የተመለሰባት፣ ተቀምጠዋል። ሰላምታው ረዘመ፤ ከብቱም ዝናቡም ደህንነቱ ተጠየቀ። ከዚያ ልጄ ተነስታ ሙዳዩን በሁለት እጇ ሰጠች።

የልጁ እናት ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ታችኛውን ክብ ገልብጠው አዩ። አክስትየዋ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ይሄ የምን ጥለት ነው? እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርግጥ እናቷ በዚሁ የምትተዳደር ናት። የሻጭ እጅ ይሆናል።»

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ልጄ ጉልበቴን ያዘችኝ።

የልጁ እናት አልሰሙም፣ ወይም አልሰማሁም አሉ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ግድግዳው ላይ አሳርፈው ያዞሩት ጀመር። በዝግታ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠሩ ነው። አንድ ዙር። ሁለተኛ ዙር። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁና «ገባቸው!» አልኩ በልቤ። ዙሩን ሲጨርሱ ወደ ላይኛው ወጡ። ጥፍራቸው ከላይ ወደ አራተኛው ዙር ቀረበ።

ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ። «ከታች ጀምሮ ስድስት አልሰፋሽም። እዚህ ጋ ሁለት ስድስት ጎን ለጎን። ምን ሆነሽ ነው?»

ልጄ ቀይ አለላ መሰለች። «ስልክ ተደውሎልኝ ነው፣ እትዬ።»

«ማን ደወለ?»

ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«እኮ ማን?»

«ልጅዎ። ጋሸና ደርሻለሁ ለማለት።»

አክስትየዋ ወደ በሩ ዞረች። ከውጭ ልጁ መኪናው ላይ ውሃ ሲደፋ ይሰማል። ከዚያ የታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት ሳቋን መቋቋም ያቃታት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሰጎሰች። እሷን አይተው የልጁ እናት ፈነዱ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እየመጣ።

«እሱ ድሮም ሰው ሥራ ያስፈታል!» አሉ። «አንተ! ና እስቲ ወዲህ! ሙዳይ አበላሽተሃል!»

ከዚያ ወደ አክስትየዋ ዞሩ። «የሻጭ እጅ አልሽ? ይህቺ ሴት» ብለው እኔን አመለከቱ፣ «ይህን ስድስት አይታ በእጇ ብትነካው ኖሮ አሁን እናገኘው ነበር? የልጅቱ ነው። ስህተቱ የራሷ፣ ሥራውም የራሷ።»

እጄ ያን ጊዜ ነው መብላቱን የተወው።

«ወስፌ አምጪልኝ» አሉ የታላቁን ሚስት። እሷም ቀይና ጥቁር አለላ አክላ አመጣች። የልጁ እናት አክርማውን ከንፈሩ ላይ አጠፉትና ቀና አሉ። «ከታች ያለውን አነበብኩ። አንድ ጊዜ ከአንዱ፣ አንድ ጊዜ ከሁለቱ እየተነሳ ይዞራል። ስድስት ዓይነት ዙር ነው። ሰባተኛውስ ምን ይመጣል?»

«ዘጠኝ ብቻ፣ እትዬ» አለች ልጄ። «ዘጠኝ ቀይ፣ ዘጠኝ ጥቁር። በአንድ ዙር ስድስት ዘጠኝ።»

«እንደዚያ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ?»

«አዎ። ከዚያ ሜዳ ነው።»

የልጁ እናት ይህን ወደዱት። «እንደ እኛ መንገድ» አሉና ወጉት። እጃቸው ሲሄድ ማየት ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሰፍቼ እንዲያ አልሄድም። ልጄ አጠገባቸው ተንበርክካ አለላ ታቀብላለች፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ይቆጥራሉ፣ የታላቁ ሚስትም ሳይታወቃት አብራ ትቆጥራለች። «…ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ጥቁር። አንድ፣ ሁለት…» ስድስተኛው ዘጠኝ ሲያልቅ የጥቁሩ ጫፍ ከመጀመሪያው ቀይ ጋር ገጠመ፤ አንድ ስፌት አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ። የአለላውን ጫፍ በጥርሳቸው ቆረጡት።

ልጁ በበሩ ክፈፍ ላይ እጁን እያንጠባጠበ ቆሞ «ምን አጠፋሁ?» ይላል። 

የሰርጉ ቀን ያቺን ሙዳይ የሙሽሮቹ ወንበር ፊት ለፊት አገኘኋት። የልጁ እናት ራሳቸው ነበሩ ያስቀመጧት። ሰው ሁሉ የሚያየው የግድግዳውን ማማር ነው፤ እሳቸው ግን ቀስ ብለው አዞሯትና ያቺን ሁለት ስድስት ያለባትን ጎን በቀጥታ ወደ ልጃቸው አቁመው፣ ስልኩን ከኪሱ ወስደው ሄዱ።